ልግመት

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በዝዋይ ጋሪ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የፈረስን ልግመት ያውቃል። ፈረሱ ደህና በሶምሶማ ሲሄድ ቆይቶ፣ ዳገት ወይም ድልድይ ሲያይ፣ አንዳንድ ጊዜም ምንም ሳያይ፣ አራት እግሩን ተክሎ ቀጥ ይላል። ጋሪው ግን በመጣበት ፍጥነት ይገፋና ተሳፋሪው ከነዕቃው ወደ ፊት ይደፋል። ያን ጊዜ ሰው የሚናደደው ፈረሱ በመቆሙ ብቻ አይደለም። ይሄዳል ብሎ አምኖ ተዝናንቶ በመቀመጡ ነው።

ይህን የፈረስ ነገር ያነሣነው ስለ ኳስ ልንጽፍ ነው። ባለፈው ዓመት በግቢያችን በተደረገው የትምህርት ክፍሎች የዋንጫ ፍጻሜ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ አይታችኋል፤ ያላያችሁትም ሰምታችኋል። ነገር ግን ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ የተወራው ሁሉ ከእኛ አፍ የወጣ ነው። ዳኛው አንድም ቀን አልተናገረም። ስለዚህ እውነቱን ማውጣት የእኛ ዕዳ ሆኖብናል። እኛ ስንል በአንድ መኝታ ክፍል የምናድር አራት ተማሪዎች ነን፤ አንዳችን የአዳማ፣ አንዳችን የሞጆ፣ አንዳችን የአርሲ ነገሌ፣ አንዳችን የሻሸመኔ ልጆች ነን። ኳሷን የመታው ከአራታችን አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አንጽፍም፤ ጥፋቱ የአራታችንም ነውና።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ነፋሱም እንደ ልማዱ ነበር። ስለ አዳማ ነፋስ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ማለት መጀመሪያ የተተከሉት 51 ሜጋ ዋትና በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት 153 ሜጋ ዋት፣ ያለ ምክንያት እዚህ አልመጡም። ጨዋታው በአቧራ መካከል 1 ለ 1 አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን። ሁለታችንም አራት አራት መትተን ሁሉንም አገባን። አምስተኛውን እነሱ ቀድመው አገቡ። የእኛ አምስተኛ መቺ ካገባ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ከሳተ ግን ዋንጫው የእነሱ ነው።

ወዳጃችን ተንደረደረ። ኳሷ ዘንድ ደርሶ ግራ እግሩን ከጎኗ ተከለ። ቀኝ እግሩን ሊመታ አወናጨፈና ኳሷን ሊነካ ሲል ያዘው። ግብ ጠባቂው ምቱ የመጣ መስሎት ወደ ቀኙ ተወረወረ። ያን ጊዜ መቺው ኳሷን በባዶው በኩል ገፋ አድርጎ አስገባት። ጩኸታችን ገና ሳይበርድ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ከኪሱም ቢጫ ካርድ አወጣ። ምቱ እንደ ሳተ ተቆጠረ። ዋንጫው ሄደ።

ዳኛው እንደ እኛው ተማሪ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት፣ የመቂ ልጅ። ከበብነው። «ነፋስ ነው! አቧራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት ነው የቆመው!» አልን። ከዚያም አልፈን ከፍጻሜው በፊት ከተጋጣሚያችን ልጆች ጋር ሻይ ሲጋበዝ ታይቷል አልን። ማንም አላየውም። ቃሉ ከእኛ ወጥቶ በማግሥቱ ግቢውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልጅ ምግብ አዳራሽ ሲገባ ከየጠረጴዛው በፉጨት ይቀበሉት ጀመር። እሱም ሳህኑን ይዞ ዳር ዳሩን እየሄደ ይበላ ነበር። ዓመቱ እስኪያልቅ አንድም ጨዋታ አላጫወተም።

አሁን ያልነገርናችሁን እንንገራችሁ። አቧራም ነፋስም አልነበረም። ወዳጃችን ያንን አመታት ከፍጻሜው በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ተለማምዶታል። እኛ ሦስታችን በተራ ግብ ጠባቂ እየሆንን ቆመንለታል። እግሩ ሲነሣ ወደ አንድ ወገን እንወድቃለን፤ ከወደቅን በኋላ ኳሷ በሌላው ወገን ቀስ ብላ ትገባለች፤ እንሣቃለን። ሕግ መተላለፍ ይሁን አይሁን አንዳችንም አልጠየቅንም። እንዳንጠይቅ የከለከለን ነገር ግን በልባችን ነበር።

ነገሩን ያነቃው የሞጆው ልጅ አጎት ነው። እኚህ ሰው በአሜሪካ፣ ለዋሽንግተን ቅርብ በሆነው በሜሪላንድ የሚኖሩ ናቸው። አንድ እሑድ ስልክ ደውለው ስለ ትምህርት ከጠየቁ በኋላ የኳሱን ታሪክ ሰሙ፤ እኛም እንደ ልማዳችን ዳኛውን በድለን ነገርናቸው። ጋሼ ሣቁ። «የእኔም ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር እኮ» አሉ። ልጃቸው 15 ዓመቱ ነው፤ በተማሪ ቤቱ የቤዝቦል ቡድን ወርዋሪ ነው። በጥሎ ማለፍ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ሊወረውር እጁን አንሥቶ ቆመ። ዳኛው «ቦክ» ብሎ ጮኸ፤ ተጋጣሚው ያለ ምንም ምት ነጥብ አገኘ፤ ጨዋታው በዚያው አለቀ። «እኔ ዳኛውን በአማርኛ ስሰድበው» አሉን ጋሼ፣ «ልጁ ወደ እኔ መጥቶ ‹አባዬ፣ ተው፤ አድርጌዋለሁ› አለኝ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማንም አልተናገረም። ሌሊት ግን ይህ ቦክ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ መፈለግ ጀመርን።

ቤዝቦል ለብዙዎቻችን እንግዳ ጨዋታ ስለሆነ ጥቂት እናስረዳ። አንዱ ቡድን ወርዋሪ ያቆማል፤ የሌላው ቡድን መቺ ዱላውን ይዞ ይጠብቃል። ቀደም ብለው መትተው የወጡ የመቺው ጓደኞች በሜዳው ዙሪያ ካሉት ማረፊያዎች በአንዱ ላይ ሆነው ወደሚቀጥለው የሚሮጡበትን ጊዜ ይጠባበቃሉ። ሯጩ ከማረፊያው ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ካላለ አይደርስም። እጅግ ከራቀ ደግሞ ወርዋሪው ድንገት ዞሮ ኳሷን ወደ ማረፊያው ይልክና ያስወጣዋል። ስለዚህ የሯጩ ዓይን ከወርዋሪው እግርና ትከሻ አይነቀልም። ሕጉም በዚህ ላይ ይቆማል። ወርዋሪው ሯጭ ባለበት ጊዜ እግሩን በመወርወሪያው ሰሌዳ ላይ አድርጎ ወደ መቺው መወርወር ከጀመረ መጨረስ አለበት። ጀምሮ ቢያቋርጥ፣ ወይም እጆቹን አገጣጥሞ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ቢወረውር፣ ወይም ወደ አንደኛው ማረፊያ የሚልክ መስሎ ባይልክ ቦክ ይባላል። ቅጣቱ ሯጮቹ ሁሉ በነጻ አንዳንድ ማረፊያ ወደ ፊት መሄዳቸው ነው። በመጨረሻው ማረፊያ ላይ የነበረ ሯጭ ካለ ነጥብ ይሆናል።

በእንግሊዝኛ ይኸው ቃል አልሄድም ብላ ቀጥ ላለች በቅሎም ይነገራል። እኛ ስንተረጉመው ከልግመት የተሻለ ቃል አላገኘንም።

አንባቢ እንዲህ ሲል ይጠይቅ ይሆናል፤ ጨዋታ ሁሉ ማታለል አይደለምን? እርግጥ ነው። የቤዝቦሉ ወርዋሪ ኳሷን አየር ላይ አጣሞ መቺውን ያታልላል። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታም ወደ ግራ አይቶ ወደ ቀኝ ይመታል። ሲንደረደር ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ ቢያመነታም ሕጉ ይፈቅድለታል። የተከለከለው አንድ ነገር ነው፤ መንደርደሩን ጨርሶ ኳሷ ዘንድ ከደረሰ በኋላ የሚመታ መስሎ አለመምታት። ፔሌን የመሰሉ የብራዚል ተጫዋቾች በዚህ ዓይነት ማቆም የታወቁ ነበሩ። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ቦርድ ግን በ2002 ዓ.ም. ግንቦት፣ የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል፣ ድንበሩን በግልጽ አሰመረ። ዛሬ ይህን ያደረገ መቺ ቢጫ ካርድ ያያል፤ በመለያ ምት ጊዜም ቢያገባ እንኳ እንደ ሳተ ይቆጠራል። የመቂው ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድ ፊደል አልጨመረም፤ አንድ ፊደል አልቀነሰም።

ግን ለምን? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ሌሊት ተከራክረናል። መልሱን ያገኘነው ከአገራችን ልማድ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ሰው ሲጣላ፣ ሲሸሽም ሆነ ሊማታ ሲመጣ፣ «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ባለበት ይቆም ነበር። ገመድ አላሰረውም፤ ወታደር አልያዘውም፤ በቃሉ አምኖ ቆመ እንጂ። ያስቆመው ሰው ቆሞ ባገኘው ላይ እጁን ቢያነሣ ግን ሁለተኛ በሕግ አምላክ ተብሎ የሚቆም ሰው አይገኝም። ግብ ጠባቂውም እንዲሁ በሕግ የቆመ ሰው ነው። ኳስ እስክትመታ ድረስ ቢያንስ የአንድ እግሩ ክፍል ከመስመሩ እንዳይርቅ የ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ያዘዋል። ቀድሞ ደግሞ ይብስ ነበር፤ እስከ 1989 ዓ.ም. በነበረው ሕግ ምቱ ሳይመታ እግሩን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም ነበር። እሱ እንዲህ ታስሮ ሲቆም፣ መቺውም የጀመረውን እንዲጨርስ ታስሯል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ይህ ውል ብቻ ነው። እኛ በሁለት ሳምንት ልምምድ የሠራነው ነገር ቢኖር በዚህ ውል ላይ ወጥመድ መዘርጋት ነው።

ነፋስን ምክንያት በማድረጋችን ከሁሉ ያሳፈረን አንድ የቤዝቦል ታሪክ ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ካንድልስቲክ በተባለው ሜዳ የታላላቅ ተጫዋቾች ምርጥ ቡድኖች ይጫወቱ ነበር። ሜዳው በነፋስ የታወቀ ነው። በመጨረሻው ዙር ስቱ ሚለር የተባለው ወርዋሪ ሊወረውር ተዘጋጅቶ ሳለ ነፋሱ ገፋ አድርጎ አወዛወዘው። ዳኛው ቦክ ብሎ ፈረደ፤ ሯጮቹ አለፉ፤ ተጋጣሚውም አቻ ሆነ። በማግሥቱ ጋዜጦች ነፋስ ሰውየውን ከቦታው አነሣው እያሉ አጋነኑ። የሚለር ቡድን በተጨማሪው ዙር 5 ለ 4 አሸነፈ፤ አሸናፊው ወርዋሪ ተብሎ የተመዘገበውም ራሱ ሚለር ነው። እንግዲህ እውነተኛ ነፋስ የገፋው ሰው ፍርዱን ተቀብሎ መጫወቱን ቀጠለ። እኛ ደግሞ ባልነፈሰ ነፋስ ሰው ከሰስን።

እውነት ነው፤ ሕግ ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። በ1980 ዓ.ም. ጥቅምት በአሜሪካ የቤዝቦል የመጨረሻ ዋንጫ ጨዋታዎች ላይ የሴንት ሉዊስ አሠልጣኝ ዋይቲ ኸርዞግ የሚኒሶታው ወርዋሪ በርት ብላይሌቨን በትክክል ሳይቆም ይወረውራል እያለ አቤት አለ። በሚቀጥለው የውድድር ወራት የሕጉ ቃል ተጠንክሮ፣ አቋቋሙ ሙሉና በግልጽ የሚታይ ይሁን ተባለ። ውጤቱ ምን ሆነ? ባለፈው ዓመት ከ400 በታች የነበረው ቦክ ከ900 በላይ ሆነ፤ ዴቭ ስቱዋርት የተባለ አንድ ወርዋሪ ብቻ 16 ጊዜ ተቀጣ። ጨዋታው ሁሉ ፊሽካ ሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ ያ ቃል ተነሣ። በዚያው በ1980 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ፣ አገራችን በአዲስ አበባ ስታዲየም ዚምባብዌን በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ወስዳለች፤ አባቶቻችን ዛሬም የሚያወሩት ነው። ያን ቀን በመስመር ላይ የቆሙት ግብ ጠባቂዎች እግራቸው የታሰረ እንደነበር ግን ሲያወሩ አንሰማም።

ሁለተኛውን ምሳሌ ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋል። መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፣ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግ፣ አትሌቲኮ ማድሪድና ሪያል ማድሪድ በመለያ ምት ሲለያዩ የአዳማ የኳስ ማሳያ ቤቶች መግቢያ አልነበራቸውም። ኹሊያን አልቫሬስ ሲመታ አዳለጠው፤ ኳሷ ሁለቱንም እግሩን ነካችና ገባች። ጎሉ ተሰረዘ፤ ሪያል 4 ለ 2 አለፈ። ልጁ ማንንም ሊያታልል አላሰበም። ሕግ አውጪዎቹ በዚያው ዓመት ግንቦት ተሰብስበው፣ ሳያስበው ሁለት ጊዜ ነክቶ ያገባ ሰው ምቱ ይደገምለት ብለው አሻሻሉት። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተሻሻለው በጠረጴዛ ዙሪያ፣ ጩኸቱ ከበረደ በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ዳኛው በእጁ ያለውን ሕግ ከመፈጸም በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም።

የራሳችንንም አንርሳ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአዲስ አበባ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ እኛ ገና ሕፃናት ነበርን፤ የመኪናው ጥሩምባና የሰዉ እልልታ ግን ትዝ ይለናል። 13 ነጥብ ይዘን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ አለፍን ተባለ። በዚያው ቀን ፊፋ ሌላ ወሬ አወጣ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ነበር። በእግሩ ያጠፋው ነገር የለም፤ የተሳሳተው መዝገብ ነው። ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተሰጠ፤ ነጥባችን ወደ 10 ወረደ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ፌዴሬሽኑ ግን ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አመነ። ልጆቹም ጳጉሜን 2 ቀን በብራዛቪል መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ያንኑ ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ወሰዱት። በኋላ በናይጄሪያ ብንሸነፍም፣ የዚያን ጊዜው ማለፍ ማንም ሊነካው የማይችል ማለፍ ነበር።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ አንድ ማታ አራታችንም ወደ መቂው ልጅ ክፍል ሄድን። መጽሐፍ ዘርግቶ ነበር። እንድንቀመጥ አልጋውን ጠቆመን። እኛም ሁሉን ነገርነው፤ ልምምዱን፣ ነፋሱን፣ የሻዩን ሐሰት።

«ልምምዱን አውቃለሁ» አለን። «የእኔ መስኮት በዚያ በኩል ነው። ስትወድቁ ስትሣቁ አይቻችኋለሁ።»

ደነገጥን። «ታዲያ ያን ቀን ስንሰድብህ ለምን አልተናገርክም?»

«ብናገር አስቀድሞ ፈርዶብን ነበር ትሉኝ ነበር። እኔ የነፋሁት ስለ ተለማመዳችሁ አይደለም፤ እግሩ ስለ ቆመ ነው። ባትለማመዱም፣ አቧራ ቢገባበትም እነፋ ነበር።»

ዘንድሮ ያጫውት እንደሆነ ጠየቅነው። ፊሽካውን ለታናሽ ወንድሙ ወደ መቂ እንደ ላከው ነገረን። «እሱ ይንፋበት፤ እዚያ ገና አላፏጩበትም» አለ። ይህን ሲናገር አልተቆጣም፤ ለእኛ ግን ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

ውድ አንባቢዎች፣ ትንሽ ሕግ በትንሽ ቀን ማንንም አያስጨንቅም። በልምምድ ሜዳ ስንት ልግመት ያለ ፊሽካ ያልፋል! ዋንጫ በተቀመጠበት ቀን ግን «በዚህች ትንሽ ነገር ይህን ያህል?» እንላለን። ይህን ብለን የምንጮኸውም ሁልጊዜ የተጎዳው ወገን ስንሆን ነው። ያ ግብ ጠባቂ የእኛ ቢሆን ኖሮ የመቂውን ልጅ በትከሻችን ተሸክመን ሜዳውን እናዞረው ነበር።

ዘንድሮ የትምህርት ክፍሎች ዋንጫ በሚያዝያ ይጀመራል። የተማሪዎች ማኅበር የስፖርት ኮሚቴ ለዚህ ልጅ ደብዳቤ ጽፎ እንዲያጫውት እንዲጠይቀው በዚህ ጽሑፍ እናሳስባለን። እኛ በፊርማችን ለኮሚቴው የሰጠነው የእምነት ቃል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። በምግብ አዳራሽ ያፏጫችሁም በእኛ ቃል ተታልላችሁ ነውና በእናንተ ላይ የምንለው የለንም። ነገ ምሳ ሰዓት ከጎናችሁ ሲያልፍ ወንበር ሳብ አድርጉለት።